አርባ ቁምሳጥን

መሰርሰሪያው ድንገት ቀለላት። ልጅቷ ደንግጣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ጫፉ አባቷ የሚሠራትን ጀልባ ወለል በስቶ በማዶ ብቅ ብሏል።

አባቷ ቁምሳጥን ሠሪ ነው። ኮላ ሊገዛ ሲወጣ፣ «የጀልባዋን ወንበር እግር ብቻ ብሺ፤ ወለሉን እንዳትነኪ!» ብሏት ነበር። እሷ ግን ዘፈን እያንጎራጎረች ስትበሳ የእግሩን ልክ አለፈችው።

አፏ ውስጥ የነበረውን ማስቲካ አውጥታ ቀዳዳውን ከሥር ደፈነችው። አልበቃም። መንጋጋዋ እስኪዝል ሁለት ሌላ አላመጠችና ጨመረች። ከላዩ ሰማያዊ ቀለም ቀባችበት። ምንም አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋን ወደ ሐይቁ ሊወስዱ ሲሰናዱ እናቷ ሁለት ባዶ ጀሪካን ወገቧ ላይ አስራ ከቤት ወጣች።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አላት አባቷ።

«ዋና አልችልማ!»

«በጀልባ ነው የምንሄደው፤ ማን ዋኚ አለሽ?»

«እንግዲያው መጀመሪያ እዚሁ ግቢ በባልዲ ውሃ ሙላባት። ውሃ የምታስገባ ከሆነች ታስወጣለችም።»

አባቷ ቱግ አለ። «ሴትዮ፣ አርባ ቁምሳጥን ሠርቻለሁ! አንዱም ሰጥሞ አያውቅም!»

«አንዱንስ ሐይቅ ላይ ጥለኸው ታውቃለህ?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ የጀልባዋን ጠርዝ በእጁ ይዳብስ ጀመር። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ የለፋው ለዚህች ቀን ነው።

እናቷ አየችውና ልቧ ራራ። «በቃ እሺ» አለች፣ ገመዱን እየፈታች። «የሠራሃት አንተ ከሆንክ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ።»

ልጅቷ የተፈታውን ገመድ አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሐይቁ መሃል እስኪደርሱ ድረስ።

«አባዬ» አለች። «ና ከሥሯ እይ።»

አባቷ በጀርባው ተንጋሎ ጀልባዋ ሥር ገባ። ልጅቷ ያሳየችውን ቦታ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ማስቲካው እንደ ክር እየተሳበ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። አሸተተው።

«እንጆሪ?»

«ሁለቱ እንጆሪ ናቸው። አንዱ ሚንት።»

እናቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማን በሳው?»

«እኔ ነኝ። ልነግርህ ፈርቼ ደፈንኩት።»

አባቷ እዚያው እንደተንጋለለ የቀረውን ማስቲካ ልጦ አወጣ። ልጅቷም ሳትታዘዝ ቁርጥራጭ እንጨቶቹ ወደተከመሩበት ሄዳ ለቀዳዳው የሚሆን ትመርጥ ጀመር።

«ደረቁን አምጪ» አላት ከሥር።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቷን ጠየቃት፦

«ባልዲው የት ነው ያለው?»