ያላበጠው እግር

ጀብሪል መርሳ ከተማ ዳር ባለችው የፓፓያ ማሳው፣ ጎጆው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ሥጋው ላሽቋል። ሰፈርተኛው «እፉኝት ነው» ብሎ ጨረሰ። ሚስቱ ሀጂራ ግን በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሳይመረመር አይታጠብም» አለች።

«ጀናዛ አይቆይም» አላት የሟቹ ወንድም ኡበይደላ። «ምንም ካልተገኘ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ። ወንድሜን ያዋረደች ሴት የአባቴ መሬት ላይ አትኖርም።»

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ይታይ።»

ኢንስፔክተር መስከረም ከአንድ ፖሊስ ጋር ከወልድያ መጣች። የሟቹን ሁለት እግሮች ጎን ለጎን አድርጋ ጫን ጫን አደረገቻቸው። የዓይኑን ሽፋን ገልጣ አየች። ከዚያ የማሳውን ጎረቤት፣ ሽማግሌውን በላይን ጠራች።

«ጋሽ በላይ፣ ከሟቹ ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«በየበጋው እንጣላለን። ካላመንሽ እሰሪኝ፤ ቦዩን ግን አንቺ ትጠርጊዋለሽ።»

«እፉኝት የነደፈው አይተው ያውቃሉ?»

«የገዛ በሬዬን። እግሩ ግንድ አከለ፣ ቆዳው ሊፈነዳ።»

ኡበይደላ ግራና ከተማ ላይ ሥጋ ቤት አለው። ሲጠየቅ ቀኝ እጁን ከጋቢው አላወጣም።

«ከወንድምዎ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ፓፓያው ይነቀል፣ ጫት እንትከል አልኩት፤ እምቢ አለ። ይኸው ነው።»

«ማን ያጥበዋል?»

«ሼሁ ሰው ያዛሉ።»

«ወንድም እያለ?»

«ልቤ አይችልም።»

መስከረም ሁሉንም ጎጆው ደጅ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ሼሁም መጡ።

«የእፉኝት መርዝ ሥጋ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው» አለች። «ያገኘውን ሥጋ ይገድላል። በሕይወት ያለው ገላ ግን ዝም አይልም፤ ደምና ውሃ ወደዚያ ይልካል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። የጀብሪል ሥጋ ተበልቷል፤ እግሩ ግን ከሌላው እግሩ እኩል ነው።»

«ቀድሞ ሞቶ ነበር ማለት ነው?» አሉ በላይ።

«ሞቶ ነበር። የዓይኑ ሽፋን ውስጥ የደም ነጠብጣብ አለ፤ ታፍኗል። ቀዳዳው በኋላ በእሾህ የተወጋ ነው።»

«ሥጋውን ታዲያ ምን በላው?» አሉ ሼሁ።

«እትዬ ሀጂራ፣ ጠንካራ ሥጋ በምን ታለሰልሻለሽ?»

«በጥሬ ፓፓያ» አለች ሀጂራ።

«ጥሬው ሲጫር የሚወጣው ነጭ ወተት እንደ መርዙ ሥጋ ቆራጭ ኢንዛይም አለው።»

«ይህን መርሳ ሁሉ ያውቃል» አለ ኡበይደላ።

«ያውቃል። ወንድሙን ለማጠብ እምቢ ያለው ግን አንድ ሰው ነው። እጅዎን ያውጡ።»

አላወጣም። ፖሊሱ ጋቢውን ገለጠው። እጁ ቀልቶ አብጧል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም።

«የፈላ ዘይት ነው።»

«ጥፍርዎ ሥር የደረቀው ነጩስ? ያው ወተት ነው የሁለታችሁንም ሥጋ የነካው። የሞተው እግር ዝም አለ። የእርስዎ እጅ በሕይወት አለ፤ ተናገረ። ውሃ ሲነካው ስለሚያቃጥልዎ ነው ልቤ አይችልም ያሉት።»

ኡበይደላ መሬት መሬት አየ። «መሬቱ የእኔም አባት መሬት ነበር» አለ።

ሲወስዱት ሀጂራ አልረገመችውም። ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሼሃችን፣ ባሌን እኔ ልጠበው።»

«ይፈቀድልሻል፣ ልጄ።»

በላይ የማጠቢያ ውሃ ሊቀዱ ጀሪካን አንስተው ወደ ቦዩ ወረዱ። የዕለቱ የውሃ ተራ የእርሳቸው ነበር።