የግራው ወንበር አደራ

ይህ ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ በራሴ፣ በገዛ ጋራዤ ውስጥ የደረሰ ነው። ያውም በጨለማ እንዳይመስላችሁ... ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ።

መካኒክ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ባለቤቴ እዚያው ጋራዡ ውስጥ የመኪና ወንበርና ምንጣፍ ትሰፋለች። ጠዋት አብረን እንመጣለን፣ ስንጨርስ አብረን እንገባለን።

አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አስጎትተው አመጡልኝ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ ቆንጆ። ሞተሯ ግን አብቅቶለታል። እሱን አውጥቼ የጃፓን ሞተር ልገጥምላት ተስማማን።

ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው ክንዴን ያዙኝ።

«ሞተሩን እንደፈለግህ አድርገው። የግራውን ወገን ግን እንዳትነካብኝ። ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው። አደራ።»

ምን ችግር አለ ጋሼ አልኳቸው። ለአፍ ዳገት የለውም።

ሞተሩ ገባ። አብሮት የመጣው የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ግን ወፍራም ሆኖ አልገባ አለ። ሦስት ቀን ታገልኩት። በአራተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀ፤ መቁረጫውን አነሳሁና በግራ በኩል እግር የሚያርፍበትን ወለል ቆረጥኩት። ላሜራውን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብቼ በየድኩት።

ባለቤቴ ምንጣፉን ለመስፋት ስትለካ ቦታው መጥበቡን አየች። ሽማግሌው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዋሸኋት።

ሰፍታ ሸፈነችው። የእኔን ጥፋት በእሷ መርፌ አስደበቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት... የግራው ወንበር ወደ ኋላ ሄዷል። እስከ መጨረሻው።

የወንበሩ ሐዲድ ዝጓል። እሱን ለማንቀሳቀስ ሁለት እጅና አንድ እርግማን ያስፈልጋል። እንደምንም ወደ ቦታው መለስኩት። ምሳ በልቼ ስመጣ... አሁንም ወደ ኋላ።

ባለቤቴ ጠራችኝ። ምንጣፉ ላይ፣ ላሜራው ያበጠበት ጥግ፣ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክት ጎን ለጎን አለ። የተረከዝ ምልክት።

«ማን ተቀመጠ እዚህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«ትናንት የሰፋሁት እኮ ነው...»

ሙጫው ስላልደረቀ ነው ብዬ ወደ ሥራዋ መለስኳት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋን ልሞክር ብቻዬን ወጣሁ። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ እንከን ይሠራል። በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ ከግራ በኩል...

ቋ።

ቋ... ቋ።

ያልጠበቀ ብሎን ነው አልኩ። ጋራዡ ግቢ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁት።

ቋ... ቋ... ቋ።

ድምፁ ከወለሉ በታች አይደለም። ከላይ ነው። እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ላሜራውን ሲገፋ ነው የሚመስለው።

ወርጄ፣ ዞሬ፣ የግራውን በር ከፈትኩት።

ማንም የለም።

ግን መኪናዋ... ሰው ከውስጧ ሲወርድ እንደምታደርገው፣ በግራ ወገን ቀስ ብላ ከፍ አለች።

ድምፁም ቆመ። እኔ ሞኙ እፎይ አልኩ።

አርብ ዕለት ሽማግሌው መኪናቸውን ሊወስዱ መጡ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። በሞተሩ ድምፅ እንደ ልጅ ሲደሰቱ ሳይ ግን ዋጥኩት። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ አደራ በላሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጋራዡን ልንዘጋ ስንል ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ቀድማኝ ወደ መኪናችን ሄዳለች።

ሽማግሌው ናቸው።

«ግራውን ነካኸው?»

«ጋሼ... አራት ጣት ብቻ። አስተካክለዋለሁ። እትዬ ተቸገሩ እንዴ?»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አሉ። «አንድም ቀን ከዚያ ወንበር ወርዳ አታውቅም። ትናንት ግን... ብቻዬን ነው ቤቴ የገባሁት።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ልጄ... የት አወረድካት?»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ።

ባለቤቴ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። ዛሬ የፊቱን ቦታ ለትልቅ ሰው ለቅቃ ከኋላ ተቀምጣለች። ባዶው የፊት ወንበር ላይ ቀበቶው ተስቦ ታስሯል። እሷ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ፈገግ እያለች፣ ራሷን እየነቀነቀች... የሚነገራትን ታዳምጣለች።

ከዚያ ምንጣፉን የሰፉ እጆቿን አየች፤ ፈገግታዋም ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዞራም ወደ እኔ አየች።