እርጥቡ ጨርቅ

አናጢው መጀመሪያ ላብራቶሪው የመጣ ቀን፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ነበር። ተመራማሪዋ ሳቋ አመለጣት።

«ምነው፣ ብርድ እንዳይመታው ነው?»

«አባዬ ‹ሳይደርቅ አድርስ› ብሎኝ ነው። ያለውን ካላደረግኩ ቤት አያስገባኝም።»

አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ቅጠል የሰው ቁስል ሲያክሙ ኖረዋል። አሁን የራሳቸው እግር ቆስሎ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል። ልጅየው ቅጠሉ መሥራት አለመሥራቱን አውቆ ቁርጡን ሊነግራቸው ፈለገ።

እሷ ጨርቁን ፈትታ ጣለችው። ቅጠል ሲመረመር ይደርቃል፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። አድርቃ፣ ፈጭታ፣ ዘፍዝፋ፣ ጭማቂውን የነካ ክብ ወረቀት ጀርም በዘራችበት ሳህን ላይ አኖረች። ቅጠሉ ጀርም የሚገድል ከሆነ የወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ይላል።

ሦስት ጊዜ ሞከረች። አናጢው በየቀኑ ውጤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሰበብ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። አንድ ቀን የሚወላገደውን ወንበሯን ጠገነላት። እሷም ጸጉሩ ላይ የቀረውን ሰጋቱራ አራገፈችለት። ቀና ብሎ ሲያያት፣ ልቧ ከእጇ ወጣ።

ግን በሦስቱም ሙከራ የወረቀቱ ዙሪያ አልጠራም፤ መዋሸት አልቻለችም።

«ቅጠሉ አይሠራም» አለችው።

አናጢው ይህንኑ ለአባቱ ነገራቸው። ሽማግሌው ቅጠሉን ከእግራቸው አንስተው ጣሉት፤ ሐኪም ግን እንዲነካቸው አልፈቀዱም። «ስንቱን ሰው ዋሸሁ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እህልም ዘጋቸው።

ትኩሳታቸው ሲበረታ ተመራማሪዋ ራሷ ልትለምናቸው ቤታቸው ሄደች።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ልጄ፣ ጨርቁን ምን አደረግሽው?»

«ጣልኩት። ቅጠሉን ለማድረቅ…»

«አድርቀሽው ነው?» ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አሉ። «የደረቀውንማ ፍየልም አትነካው። በይ በእርጥቡ ሞክሪና አሳዪኝ። ከዚያ የትም ውሰዱኝ።»

እርጥብ ቅጠል ይዛ እየሮጠች ወደ ላብራቶሪው ተመለሰች። እርጥቡን ወቅጣ ሞከረች። በማግስቱ ሳህኑን ስትከፍተው የወረቀቱ ዙሪያ እንደ ታጠበ መስታወት ጠርቷል። ሳህኑን ታቅፋ ሽማግሌው ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ቆሟል።

አናጢው ሳህኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ሲነጋ ነው ያረፈው። እስከዚያ ሲጠብቅሽ ነበር።»

ከሳምንታት በኋላ ይቅርታ ስትጠይቀው እጇን ይዞ አለቀሰ።

«አልተቀየምኩሽም። እኔም ነኝ ወስጄ የነገርኩት። ግን ባየሁሽ ቁጥር ‹ስንቱን ሰው ዋሸሁ› ሲል ይሰማኛል። አልቻልኩም፣ የኔ ዓለም።»

ምርመራው ቀጥሏል። በየወሩ የላብራቶሪው ዘበኛ አናጢው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የተወውን ቅጠል ያመጣላታል። «አሁን፣ አሁን እኮ ነው የሄደው!» ይላታል፣ እንድትከተለው ፈልጎ።

አትከተለውም። ሳይጠወልግባት ቅጠሉን ትወቅጣለች። ሥራዋን ስትጨርስ እሱ በጠገነው ወንበር ላይ ትቀመጥና፣ ጨርቁ እስኪደርቅ በእጇ ይዛው ትቆያለች።