በቀፎው ጠረጴዛ ላይ የተገኙ ሁለት ብርጭቆዎች

ቬርል ሃች እሁድ ረፋዱ ላይ ቀፎው በተባለው የገዛ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ። በረጅሙ ውስጥ በቀይ ጭማቂ የተቀላቀለ ቮድካ እስከ ግማሽ ድረስ ቀርቷል። ትንሿ ብርጭቆ ሥር የውስኪ ጠብታ አለ። ባንኮኒው ሥር ያስቀምጠው የነበረው የልብ መድኃኒት ዕቃም ባዶውን አጠገቡ ተጋድሟል።

መርማሪ ሜሌ ቱፖው ከቤተ ክርስቲያን ተጠርታ የእሁድ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች መጣች። እዚያው ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ተወልዳ ያደገች፣ ደልደል ያለች፣ ረጋ ያለች ከቶንጋ ደሴቶች የፈለሰ ቤተሰብ ልጅ ናት። በሕይወቷ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም፤ ሰው ሲያወራ ግን ጆሮዋ አንዲት ቃል አያመልጠውም።

ቀፎው ከከተማው የጌይ መጠጥ ቤቶች ሁሉ የቆየው ነው። በየእሁዱ ቀን ላይ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ሴት መስለው ያጌጡ ወንዶች ይዘፍናሉ፤ ቤተሰብ ያባረረውም እዚያ ቤተሰብ ያገኛል። የዚያን ዕለት ግን መጋረጃው ሳይገለጥ ቀረ። በሩ ሳይሰበር ተቆልፎ ስለተገኘ፣ ሜሌ ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱን ሰዎች ለየብቻ ልታነጋግር ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው የቬርል ባል አርደን ነበር፤ ሽማግሌ ነው፤ አልቅሶ አልቅሶ ዓይኑ ደርቋል።

«ራሱን ነው የገደለው» አለ። «መጠጥ እርም ነው ብሎ እጄን ይዞ ምሎልኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆት፣ በመጨረሻ ሰክሮ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ሄደ። ከዚህ የባሰ ክህደት የት አለ ልጄ?»

«የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«የመጠጥ ቤቱ ፈቃድ ነዋ። ተቆጣጣሪዎቹ በመጡ ቁጥር ጥፋቱ ያለበት ቦታ እንደተነገረው ሰው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አንድ ጥፋት ብንደግም ፈቃዱን እንነጠቅ ነበር። እዚህ ፈቃድ የሚሰጠው በሕዝቡ ቁጥር ልክ ነው፤ አንዱ ሲነጠቅ ወረፋ የያዘው ይወስደዋል።»

«እርስዎ ይጠጣሉ?»

«እኔ? ሞርሞን ሆኜ እኮ ነው ያደግሁት፤ እምነቱ መጠጥ አያስነካም። ቤተ ክርስቲያኑ ተወኝ እንጂ እኔ ልማዴን አልተውኩም። የትኛው ጠርሙስ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቬርል ሁልጊዜ ይስቅብኝ ነበር።»

ቀጥላ የገባችው በመድረክ የሴት ስሟ የምትጠራው ዘፋኟ ሳሊና ናት። አንዱን ዓይኗን ተኳኩላ ሌላውን ሳትጨርስ ነበር መርዶው የደረሳት።

«እህቴ፣ በዚህ ቀሚስ መድረክ ላይ ብትወጪ እንጀራዬን ትዘጊዋለሽ» አለች።

«እሱን ተዪውና መልሽልኝ። ቬርልን መጨረሻ መቼ አየሽው?»

ሳሊና ቀልዷ ጠፋ። «ትናንት፣ ትርኢቱ ሲያልቅ። እንደልማዱ የዝንጅብል ለስላሳውን ይዞ። ‹ማን እንደሚያሳብቅብን ደርሼበታለሁ› አለኝ። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም።»

ሜሌ ወደ ጠረጴዛው አመለከተች። «ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ ምን ያደርጋል?»

«የዩታ ጠጪ ስለሆነ ነዋ። እዚህ አገር ጠርሙሱ አፍ ላይ መለኪያ ይገጠምና ጠብታ አይጨመርልሽም። ስለዚህ ሰው ከረጅሙ ጎን ትንሿን ያዛል። እሷም ብትሆን ሕግ አላት፤ በረጅሙ ቮድካ ከያዝሽ ትንሿ ቮድካ መሆን አትችልም፤ ሌላ ዓይነት ትሆናለች። እኔ የጎረቤቷ የኔቫዳ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ እስኪፈስ ነው የሚቀዳው። እዚህ ስንት ዘመን ኖሬ ዛሬም ያስቀኛል።»

«አንቺ ብቻሽን፣ ቤቱ ተዘግቶ፣ ከፍቶሽ ብትጠጪስ?»

«ጠርሙሱን አንገቱን አንቄ። ማን ሊከሰኝ?»

መጨረሻ የገባው አስተናጋጁ ክሬይተን ነበር። ከምድጃ የወጣ ድንች በአይብ ይዟል፤ በዚያ አገር ለቀስተኛ የሚቀርበው እሱ ነው። ወላጆቹ ወንድ ትወዳለህ ብለው ከቤት ሲያስወጡት ቬርልና አርደን ወስደው አሳድገውታል።

«ለአባዬ ለአርደን ነው» አለ። «ካልጎረሰ ይወድቅብኛል።»

«ትናንት ስንት ሰው ትተህ ወጣህ?»

«ቬርልን ብቻ። እንዲህ ያደርጋል ብዬ በምን ጠርጥሬ።»

ሜሌ አዘነችለት። ከዚያ ምንም እንዳልመሰላት ሆና፣ «እስኪ እኔ ደንበኛ ብሆንና ረጅም ቮድካ፣ ከጎኑም ትንሽ ቮድካ ባዝህስ?» አለችው።

«ትንሿን ውስኪ ላድርግልዎ» አለ። ሳያስበው እጁ ውስኪው ጋ ደርሶ ነበር።

ማክሰኞ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃል ሲደርሳት ሜሌ ሦስቱንም ቀፎው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አርደን ከእሁድ ወዲህ ሲራገም ሰንብቶ ድምፁ ሰልሏል። ክሬይተን ጎኑ ተቀምጦ ትከሻውን ደግፎታል።

«በቬርል ሆድ ውስጥ መድኃኒቱ ተገኝቷል» አለች። «መጠጥ ግን የለም። በደሙም የለም።»

አርደን ቀና አለ።

«ስለዚህ ከእነዚህ ብርጭቆዎች አልቀመሰም፤ ሰክሮ ራሱን ያጠፋ እንዲመስል ሌላ ሰው ነው ያስቀመጣቸው። መድኃኒቱን የጠጣው ሁልጊዜ ከእጁ በማይለየው የዝንጅብል ለስላሳ ውስጥ ተበጥብጦለት ነው። የሱ ብርጭቆ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ታጥቦ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። ራሱን የሚገድል ሰው ብርጭቆ አጥቦ አይሞትም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ሳሊና።

«አቶ አርደን ጠርሙስ አይለዩም። አንቺ ብትሆኚ ሙሉውን ጠርሙስ ትገትሪለት ነበር። ይህን ያሰናዳው ሰው ግን በተዘጋ ቤት፣ ማንም ሳያየው፣ ለሞተ ሰው ሲቀዳ እንኳ ሕጉን ጠበቀ። ቮድካ በረጅሙ፣ ውስኪ በትንሿ። ይህ ሥራው ያስለመደው እጅ ነው። ክሬይተን፣ ሁለቱንም ቮድካ ብታደርጋቸው ምን ነበረበት?»

«አይፈቀድ...» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ከዚያ ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ፈቃድ ሰጪዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ቀፎው ፈቃዱን ቢነጠቅ ቀጣዩ ተረኛ አንተ ነህ። ጥፋቱን ለተቆጣጣሪዎቹ ስትጠቁም የነበርከው አንተ ነህ። ቬርል ደረሰብህ።»

ሳሊና በቀስታ፣ «ያሳደገህን ሰው» አለች።

ክሬይተን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «የራሴ ቤት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ቅዳሜ ‹አንተ ነህ› አለኝ። ‹ነገ ለአርደን እነግረዋለሁ› አለ። አባዬ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም።»

አርደን ትከሻው ላይ ያረፈውን እጅ በሁለት ጣቱ አንስቶ አወረደው።

«ሁለት ሌሊት ሙሉ ሰደብኩት» አለ። «ከዳኝ፣ ፈሪ ነው፣ ሰካራም ነው አልኩ። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ድንቹን በማንኪያ እያጎረስከኝ ትሰማ ነበር። አንዴ እንኳ፣ ‹ተው፣ ቬርል እንዲህ አያደርግብህም› አላልከኝም።»

«አባዬ...»

«ውሰዱልኝ።»

በሩ ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ክሬይተንን ይዘውት ወጡ። አርደን በሩ እስኪዘጋ ጠብቆ ወደ ሜሌ ዞረ።

«አንድ ጠብታም አልጠጣም?»

«አንድ ጠብታም።»

ሽማግሌው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እስከዚያ ሰዓት ያለቀሰው ለራሱ ነበር፤ አሁን ለቬርል አለቀሰለት።