የሱቁ ኢሜይል

የሰልሳቢል ስልክ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወድቆ ባይበላሽ ኖሮ፣ እሷና ረዲ እስከ ዛሬ ድረስ ከአስፋልቱ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው በዓይን ሲሰራረቁ ይኖሩ ነበር። እሷ አምቦ ከተማ መሐል የአባቷን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትይዛለች፤ እሱ ፊት ለፊት ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ጠዋት ሲከፍቱ ይተያያሉ፣ ማታ ሲዘጉ ይተያያሉ፤ መሐል ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝማ ሌላ ሥራም የላቸው። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ግን ተለዋውጠው አያውቁም።

አዲስ ስልክ ልትገዛ አስፋልቱን የተሻገረች ዕለት ረዲ እጁ ተሳስሮ ካርቶኑን መክፈት አቃተው።

«ኢሜይል አለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«ነበረኝ፤ ፓስወርዱን ረሳሁት።»

«ችግር የለም፣ በሱቁ ኢሜይል እከፍትልሻለሁ። ፎቶሽም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥልሻል። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ፎቶሽ አይጠፋም።»

ረዲ ለሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከጉደርና ከእጃጂ የሚመጣው ገዢ አብዛኛው ኢሜይል የለውም፤ ያለውም ፓስወርዱን አያስታውስም። ስለዚህ የሁሉንም ስልክ በአንዱ በሱቁ ኢሜይል ይከፍትና መርቀውት ይሄዳሉ። ነገሩ ምን እንደሚያስከትል አንድም ቀን ቆም ብሎ አላሰበም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ረዲ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ ሽማግሌ በቪዲዮ መደወል ያስተምር ነበር። ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ልጄ፣ አትታዪኝም እኮ!» እያሉ ሲጮኹ ረዲ ከት ብሎ ሳቀ። ሰልሳቢል በተሰቀሉት ሻሾች መሐል ስልኳን አሾልካ ፎቶ አነሳችው። ደጋግማ አየችው እንጂ ለማንም አላሳየችም።

በማግስቱ ኤቢሴ መጣች። ኤቢሴ ጉደር ላይ ልብስ የምትሸጥ፣ ጨርቅ ከነሰልሳቢል የምትወስድ፣ ዓይኗም አፏም ፈጣን የሆነች ሴት ናት።

«አካም ጅርታ፣ ሰልሲ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻትና ስልኳን ዘረጋችላት። «ረዲ እኔ ስልክ ውስጥ ገብቶ ምን ያስቀዋል?»

ሰልሳቢል ክው አለች። ያው የራሷ ፎቶ ነው።

«ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው አረንጓዴ ሻሽ ያውና ተሰቅሏል» አለች ኤቢሴ ወደ ላይ እያየች። «ያነሳሽው ከዚህ ሆነሽ ነው አይደል?»

«አንቺ ጋ እንዴት መጣ?»

«የረዲ ስልክ እኮ እንዲህ ነው! የእጃጂ ሰው ላም አለኝ፣ የማላውቀው ሰው ሠርግ አለኝ። እኛማ ስልኩ ራሱ የሚያመጣው ነው የመሰለን።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ የሁሉም ስልክ በአንድ ኢሜይል ስለተከፈተ የአንዱ ፎቶ ለሁሉም ይደርሳል። ፎቶውን ከስልኳ ብታጠፋው ከኤቢሴም ስልክ ጠፋ። ግን እስካሁን ማን ማን አይቶታል? አባቷ ሐጂ ሰዲቅም ስልካቸውን የገዙት ከረዲ ነው። እሳቸው አይተውት ከሆነ ምን ብላ ፊታቸው ትቆማለች? ኤቢሴን ሱቁን ጠብቂልኝ ብላ አስፋልቱን በሩጫ ተሻገረች።

«ረዲ፣ የሰውን ሁሉ ገመና አንድ ላይ ቀላቅለህ ለሰው ሁሉ አደልከው!»

ረዲ አልተከላከለም። «እኔም የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው» አለ። «የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጣ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ለትልልቅ ድርጅቶች ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ጠዋት ምን አይተህ ነው የገባህ?»

ረዲ በእጁ የያዘውን ስልክ ባንኮኒው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ሰልሳቢል መልሱን ከዚያው አወቀችው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«አልዋሽሽም፣ አየሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ግን አንቺ አልሰጠሽኝም። አንቺው ራስሽ እስክትነግሪኝ ድረስ እንዳላየ ነኝ።»

አፈረች፣ ተናደደች፤ በዚያው መሐል ደግሞ ደስ አላት።

«የሌላውን ሰውስ ምን ልታደርግ ነው?»

«ማንም ሳያውቅ ልለያየው እችላለሁ።»

«አይሆንም! ሌላ ሰው ሲያይባቸው እንደነበር ማወቅ አለባቸው። ንገራቸው።»

«ደንበኛ አይቀርልኝም እኮ፣ ሰልሳቢል።»

«ከነገርካቸው እኔ አግዝሃለሁ።»

ነገራቸው። እየደወለ ጠራቸው፤ በገበያ ቀን እየተሰበሰቡ መጡ። አንዲት የእጃጂ እናት በገበያተኛው ፊት የስድብ ናዳ አወረዱበት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ተቀይሞ ወደ ሌላ ሱቅ የሄደም ነበር። ሴቶቹ ፎቶአቸውን ወንድ እንዲነካካባቸው ስላልፈለጉ ሰልሳቢል ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለየራሳቸው ኢሜይል ትከፍትላቸው፣ የየራሳቸውን ፎቶ ትመልስላቸው ጀመር። አባቷን ስታስፈቅድ ብዙ ክርክር ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን «ሂጂ፣ አግዢው» አሉና ጨርቃቸውን ማጠፍ ቀጠሉ።

በነዚያ ቀናት ረዲ ስለ ፎቶው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ እፎይ አለች። ውሎ ሲያድር ግን ትበሳጭ ጀመር። ሰው ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ እንዲህ ድርቅ ይላል?

መጨረሻ ላይ የቀረው የእሷ ስልክ ነበር። አዲሱን ፓስወርድ ስትጽፍ ረዲ ጀርባውን ሰጣት።

«ጨረስኩ» አለች።

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ የስልክሽን የሚያይብሽ የለም» አለ ሳይዞር።

«አንድ ነገር ይቀራል። ያን ፎቶ ያነሳሁህ እኔ ነኝ።»

«የቱን ፎቶ?»

«ረዲ!»

ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ለምን አነሳሽኝ?»

«ስትስቅ ስለምወድህ» አለችው፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

«እኔ ደግሞ» አለ ረዲ፣ «ይህን ጠባብ ሱቅ የያዝኩት ገበያው ደርቶ አይመስልሽ። በሩ ወዳንቺ ስለሚያይ ነው።»

ረዲ የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት ከረመዳን በኋላ ነው። ሐጂ ሰዲቅ ብዙ አላስለመኑም። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ሰልሳቢል አባቴ ፎቶውን አይተውት ይሆን የሚለውን የቆየ ፍርሃቷን ማውጣት አልቻለችም፤ አጠገባቸው ሆና የእንግዶቹን ስኒ ትለቃቅም ጀመር። ያወቁባት እሳቸው ናቸው።

«ፎቶውን አይቼው ነበር» አሉ። «ያንቺ ነው እንጂ የኔ አይደለም ብዬ ዘጋሁት።»

በማግስቱ ሱቅ ስትከፍት ረዲም ከወዲያ በሩን እየከፈተ ነበር። ሻሾቹን ገለጥ አድርጋ ወጣችና ሰው እያየ ስልኳን ወደ እሱ አቀናች።

«ረዲ! ላንሳህ?»

ኮሌታውን አስተካከለ። «ለማን ልታሳዪ?»

«ለማንም አላሳይም።»

ረዲ ሳቀ፤ እሷም አነሳችው።