የአክስት ኦሬሊያ ገደል

«ይሄኛው ይይዛል! ግራውን ግን እንዳትነኩት፣ በስብሷል!»

አክስት ኦሬሊያ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለውን የዛፍ ሥር በገጀራዋ እጀታ መታ መታ እያደረገች ትወርዳለች። ከእሷ በላይ ዣኒል፣ ከዣኒል በላይ ደግሞ የአጎቷ ልጅ ቴቪን አሉ። ከበታቻቸው የዶሚኒካ ደሴት ምሥራቃዊ ባሕር ድንጋዩን ይደበድባል።

«ዣኒል፣ ጉልበትሽ ተንቀጠቀጠ እንዴ? እዚህ ድረስ ይሰማኛል እኮ!»

«አፍህን ዝጋና እግርህን እይ፣ ጉረኛ!»

ዣኒል በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እንደዚህች አክስቷ ያደነቀችው ሰው የለም። ወንዶቹ ከገደሉ ግርጌ ወዳለው ፏፏቴ በጀልባ ዞረው ሲሄዱ፣ ኦሬሊያ ከዛፍ ሥር ወደ ዛፍ ሥር ተንጠላጥላ ትወርድ ነበር። እንግዶችን መምራት ከጀመረች ወዲህም አንድም ሰው ጭረት ነክቶት አያውቅም። ገደሉ የማን ነው ቢባል መንደሩ ሁሉ የሚጠራው የእሷን ስም ነው።

ዛሬ ግን የአክስቷ ግራ እጅ ሥሩን አይጨብጥም። በክርኗ አቅፋ ነው የምትወርደው። አንዴማ ሸተት አለችና በቀኝ እጇ ብቻ ተንጠለጠለች።

«አክስቴ!»

«ጭቃ ነው። ውረጂ።»

ታች ሲደርሱ ቴቪን እንኳ ጉራውን ረሳ። ውሃው ከገደሉ አናት ተወርውሮ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ያርፋል፤ ብዙም ሳይሄድ ማዕበሉ መጥቶ ይወስደዋል። ነፋስ ሲነሣ ፏፏቴው እንደተሰጣ አንሶላ ይውለበለባል። ዣኒል ስንት ጊዜ ብታየው አትጠግበውም። እንዲህ ያለ ነገር ደጃፏ ላይ መኖሩ ያኮራታል።

ቴቪን እየጮኸ ፏፏቴው ሥር ሲገባ፣ ኦሬሊያ ግራ እጇን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከረች። ጣቶቿ አብጠዋል።

«ከሰሞኑ አውሎ ነፋስ በኋላ ጣሪያ ስጠግን ወድቄበት ነው» አለች በቀስታ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በተለይ ለዚህ ወሬኛ። ከዚህ ገደል ካስቀሩኝ ምን ቀረኝ?»

«እሺ» አለች ዣኒል።

ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ለመመለስ ተነሡ። ሲወጡ መሪው የመጨረሻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ኦሬሊያ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ «ቴቪን ቅደም። ዣኒል፣ ተከተይው» አለች።

ዣኒል ሥሩን ያዘችና መልሳ ለቀቀችው። የአክስቷ ደህናው እጅ መሐል ላይ ቢዝልስ? ማን ይይዛታል? እሺ ያለችውን አሰበች፤ አክስቷ ቃል የሚያፈርስ ሰው እንደማትወድም ታውቃለች።

«ቴቪን!» ብላ ጮኸች። «ለፈሪ እንግዶች የምንይዘውን ገመድ ውሰድ። ላይ ስትደርስ ዛፉ ላይ ጠምጥመህ ጫፉን ልቀቅልኝ። የአክስቴ እጅ አይጨብጥም!»

ቴቪን ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ይህን ጊዜ ግን ቀልድ አልመጣለትም። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መውጣት ጀመረ።

የኦሬሊያ ፊት ተለዋወጠ። «አንቺን ብሎ ሚስጥር ጠባቂ! እኔን በገመድ? እንደ ቱሪስት?»

የገመዱ ጫፍ አሸዋው ላይ ሲያርፍ ዣኒል አነሣችና የአክስቷን ወገብ ዞራ ማሰር ጀመረች። እንባዋ መጥቶ ዓይኗን ጋረዳት። ኦሬሊያ ባሕር ባሕሩን እያየች እጆቿን ትንሽ ከፍ አደረገችላት።

«ከዛሬ ጀምሮ አላናግርሽም።»

«እሺ» አለች ዣኒል ቋጠሮውን እያጠበቀች። «ላይ ደርሰሽ ኩረፊኝ።»