ውኃ ያልቀረበላቸው ሽማግሌዎች

መቅደላዊት ብዙ ነገር ትታገሣለች፤ የማይመስል ታሪክ ግን አትታገሥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌግራም ላይ የሚወጣውን «ሹም አቦ ሰፈር» የተባለ ሥዕላዊ ታሪክ የወደደችውም ለዚህ ነው፤ ሰዎቹ ባጃጅ ይጠብቃሉ፣ መብራት ይጠፋባቸዋል፣ ከአከራይ ጋር ይጨቃጨቃሉ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ አንባቢዎቹ ጣና ዳር ካለች ዓሣ ቤት ተሰብስበው የሳምንቱን ክፍል ይተቹታል።

የዚህ ሳምንቱ ግን የራሷን ቁስል ነካባት። የታሪኩ ጎረምሳ ገድሉ ወደ ባንቺአየሁ ቤት ሽማግሌ ላከ። አባቷ «ከዘመድ ልማከር» አሉ። ገድሉም ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ሸከፈ።

ይኸው ነገር ከፋሲካ በኋላ በእሷም ቤት ደርሷል። ባምላክ ከአዳማ መጥቶ እዚህ ፋብሪካ የተቀጠረ መሐንዲስ ነው፤ እዚሁ ዓሣ ቤት ሲከራከሩ ነው የተዋደዱት። ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን «ከዘመድ ልማከር» ብለው ሸኟቸው። ሰዎቹ አልተመለሱም። የባምላክ ሰላምታ እንኳ ከዚያ ወዲህ የመንገደኛ ሆነ።

ምን አጠፋሁ? ሌላ አገኘ? ወይስ መጀመሪያውንም አልወደደኝም? ነገሩን ብታወጣው ብታወርደው አልጨበጥ አላት። እንድትጠይቀው ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደም፤ የመሪጌታ ልጅ የቀረ ሽማግሌ አትጠራም።

ዛሬ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓሣውን ይፈለቅቃል፤ አይበላም።

«ይኸን ሠዓሊ ምን ነካው?» ብላ ጀመረች ጓደኛዋ ቃልኪዳን። «አንዴ ልኮ ተስፋ የሚቆርጥ ወንድ የት አለ?»

ሁሉም ሳቁ። ባምላክ አልሳቀም።

«እኔ እውነተኛ ነው እላለሁ» አለ። «ሰውየው አንፈልግህም ተብሏል። ምን ያድርግ?»

«ማን ነው አንፈልግህም ያለው?» የመቅደላዊት ድምፅ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

«ሽማግሌዎቹ ውኃ እንኳ አልቀረበላቸውም! በደረቁ ነው የተሸኙት!» አለ ባምላክ።

መቅደላዊት ግራ ገባት። ስልኳን አውጥታ ሥዕሉን አየችው። የገድሉ ሽማግሌዎች ሁሉም ብርጭቆ ጨብጠዋል።

እንግዲያ ውኃ ያልቀረበላቸው የማን ሽማግሌዎች ናቸው?

«እኔ እኮ ይኸን ብርጭቆ ልተች ነበር የመጣሁ» አለች ዝግ ብላ። «ሠዓሊው ስቷል። በእኛ ቤት እሺ ሳይባል ለሽማግሌ አይቀዳም። ከዘመድ ልማከር ማለትም ተመለሱ ማለት ነው።»

ባምላክ ቀና አለ። «ተመለሱ?»

«አዎ! ልጅ በአንድ ቃል ከተሰጠች ጎረቤቱ ጣሏት ነው የሚል።»

«ይህንን ለእሱ ማን ይነግረዋል?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸዋ!»

«ሽማግሌዎቹ የሥራ ባልደረቦቹ ቢሆኑስ? ሁሉም እንደሱ ከሌላ አገር የመጡ ላጤዎች ቢሆኑስ?»

«ላጤ ሽማግሌ!» ቃልኪዳን ስልኳን አገላበጠች። «ኧረ ባምላክ፣ ታሪኩ ላይ እንዲህ የሚል የለም።»

መቅደላዊት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ባምላክም ተከተላት። በሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ።

«እሷስ ምን አሰበች?» አለ ባምላክ።

«ባንቺአየሁ?»

«እሺ… ባንቺአየሁ።»

«ጠበቀች። በር በተንኳኳ ቁጥር ተነሣች። ተናደደች፤ ደግሞ ጠበቀች። ከዚያ ለእናቴ ሽንኩርቱ ነው እያልሁ አለቀስሁ።»

ባምላክ ቆመ። ዓይኑን ከእሷ አላነሣም፤ እሷ ግን የምታየው ውኃውን ነበር።

«ገድሉ አሁን ቢመለስ አያሳፍርም?»

«ገድሉን ተወው፤ የእሱን ሠዓሊው ያውቃል። አባባ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤት አይወጡም። ያገባ ሽማግሌ ላክ።»

ይሳቅ ይጩህ ጠፋው። «አሁንስ ውኃ ይቀርብላቸዋል?» አለ።

«አይቀርብላቸውም» አለች መቅደላዊት፤ እጇን ሰጠችው። «ውኃ በሦስተኛው ምልልስ ነው።»